ከማንሳታችሁ በፊት ጎንበስ በሉ

(የአሮጌ መኪና ባለቤቶችና የጋራዥ ሰልጣኞች በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በተገናኙበት የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ ነው።)

እንደምን አረፈዳችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? እሺ። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ አግዳሚው ባዶ ነው። ቆማችሁ አትስሙኝ፤ ዛሬ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ።

እንኳን ደህና መጣችሁ። ግቢውን ስገባ ልቤ ነው የሞቀው። አምስት ቮልስ ቆጠርኩ። ሁለት ኮሮላ ዲኤክስ አለ። ላዳ አለ። ፔጆ 404 አለ። እዚያ ጥግ ደግሞ ላንድሮቨሩ ቆሟል። አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ጠዋት ተነስታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ወልውላችሁ ነው ያመጣችኋቸው። ይሄ ፍቅር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሞተር ተናገር» ነበር ያሉኝ። እኔ ግን ለመንኳቸው። ስለ ሞተር ብዙ ሰው ይናገራል። እስቲ ስለ ማንሳት ልናገር አልኩ። መኪናን ከስሯ ለመሥራት ወደ ላይ የሚያነሳው ማሽን፣ ሊፍት ላይ ስለማውጣት። ለምን? ምክንያቱም በዚህ ሙያ ውስጥ ሰው የሚሞተው በሞተር አይደለም። መኪና ሲወድቅበት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2012 ዓ.ም የኤክሳይዝ ታክሱ አዋጅ ወጣ፤ ያገለገለ መኪና ማስገባት በጣም ከባድ ሆነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ዛሬ አላነሳም። እኔ የማየው ጋራዥ በር ላይ ያለውን ነው። ሰው ያለችውን መኪና ይዞ መቆየት ግድ ሆኖበታል። ድሮ ይጣል የነበረው ዛሬ ይጠገናል። በዚያው ልክ ሊፍት የሚያስገቡ ጋራዦች በዙ። አሮጌ መኪናና አዲስ ሊፍት ተገናኙ ማለት ነው። ያ መገናኘት ነው የሚያስፈራኝ።

ሦስት ነገር እላችኋለሁ። አንደኛ፣ መኪናዋን ከመነሳቷ በፊት ስለማወቅ። ሁለተኛ፣ ስለ ማንሳቱ ራሱ። ሦስተኛ፣ ከተነሳች በኋላ ስላለው ጊዜ። አንደኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

እሺ፣ አንደኛው።

እኔ ጋራዥ የገባሁት በ1984 ዓ.ም ነው። የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ብሎን በናፍጣ ማጠብ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን አጠብኩ። ከዚያ ጎማ መፍታት፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ ካምቢዮ። በ1991 ራሴን እንደ ሙሉ መካኒክ ቆጠርኩ። በዚያ ጊዜ ጋራዡ ሊፍት አስገባ። ባለ ሁለት ምሰሶ፣ መኪናን ከስሯ በአራት ክንድ ይዞ 4 ቶን የሚያነሳ። ከዚያ በፊት የምንሠራው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ሊፍቱ ሲገባ ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ክረምት ላይ አንዲት ቮልስ መጣች። ቀይ። ቀለሟ ገና አዲስ ነው፤ ፊት ያሳያል። ባለቤቷ ከገዛት ሁለት ወር አልሞላውም። የመጣው ለፍሬን ነው። ቮልስ ስንት ትመዝናለች? 800 ኪሎ አካባቢ። ሊፍቱ ስንት ይችላል? 4 ሺህ ኪሎ። ታዲያ ምን ያሳስበኛል? አራቱን ክንዶች ዘረጋሁ። ጠፍጣፋና ደህና የመሰለኝ ቦታ ስር አደረግኳቸው። ቁልፉን ተጫንኩ።

ጎማዎቹ ከመሬት ተላቀቁ። አንድ ስንዝር ያህል። ከዚያ ከኋላ በስተቀኝ በኩል ድምፅ ሰማሁ። ብረት ሲሰበር የምታውቁት ድምፅ አይደለም። ድርቆሽ በእጅ ሲፈረፈር ምን ዓይነት ድምፅ አለው? እንደዚያ። ክንዱ ወለሉን ቀዶ ወደ ውስጥ ገባ። መኪናዋ ወደዚያ ጎን አዘነበለች። እኔ እጄ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። አለቃዬ ከወዲያ ጮኹ፤ «አውርዳት! ቀስ ብለህ!» አወረድኳት። ጎማዋ መሬት ሲነካ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እዚያው ቁጭ አልኩ።

አንድ ስንዝር ብቻ ስለተነሳች ነው የተረፍነው። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቢሆንስ? ያኔ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበረን፤ መኪና ገና እየወጣ ሳለ ከስር መሹለክ ይወዳል። ዛሬም ትዝ ሲለኝ እጄን ያልበኛል።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። የኋላ መቀመጫዋን አንሳ አሉኝ። አነሳሁ። ቮልስ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ባትሪዋ የሚቀመጠው የኋላ መቀመጫ ስር ነው፣ በስተቀኝ። የባትሪ አሲድ ለዓመታት እየተንጠባጠበ ወለሉን በልቶታል። በልቶታል ስል ጨርሶታል ማለቴ ነው። አንድ ሰው ያንን ቀዳዳ በስስ ላሜራ ሸፍኖታል። ላሜራውን በደንብ አልበየደውም። ላዩን ስቱኮ፣ ከስር ደግሞ ጥቁር ሬንጅ ለቅልቆበታል። ከስር ስታዩት እንደ ፋብሪካ ሥራ ነው የሚመስለው። እኔም ክንዱን ያቆምኩት እዚያ ላይ ነበር።

ከዚያ አለቃዬ ካርቶን አነጠፉልኝ። ካቻቢቴ ሰጡኝ። «ተኛና መርምራት» አሉኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ እዚያ ተኝቼ እያንኳኳሁ፣ እየወጋሁ አየኋት። ምሳ እንኳ በኋላ ነው የበላሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ሳላደርግ ያነሳኋት አሮጌ መኪና የለችም። አንዲትም የለችም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያ ቀን ሊፍቱ ምንም አልሆነም። ሊፍቱ ሥራውን ሠርቷል። የከዳችው መኪናዋ ናት። ሊፍቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስለ ሊፍቱ ነው የሚናገረው። ስለ መኪናችሁ ወለል ምንም አያውቅም። ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በዓይናችሁና በእጃችሁ።

እና እንዴት ነው የሚታየው? ከውስጥ ጀምሩ። ምንጣፉን አውጡ። መቀመጫ አንሱ። እርጥብ ምንጣፍ ካገኛችሁ ከስሩ ዝገት እንዳለ ቁጠሩት። ከዚያ በመዶሻ እጀታ ወለሉን አንኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ስቱኮም እንደዚሁ። ጆሯችሁ በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። የተጠራጠራችሁበትን በካቻቢቴ ውጉት። ባለቤቱ ቀለሙ ተጫረ ብሎ ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው! ካቻቢቴ የሚበሳውን ብረት ክንዱ አይምረውም።

ከስር ደግሞ አዲስ ሬንጅ ካያችሁ ጠርጥሩ። ሬንጅ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ውሃ ይከላከላል። ነገር ግን መኪናዋ ሌላ ቦታ አሮጌ ሆና ስሯ ብቻ አዲስ ጥቁር ከሆነ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ለማየት ብላችሁ ግን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ስሯ እንዳትገቡ። በዚህ ላይ እመለስበታለሁ።

ቮልስ የት ነው የምትነሳው? ብዙ ሰው ከመረገጫው ስር፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለውን የክሪክ መግቢያ ያስባል። እሱ ጎማ ለመቀየር የተሠራ ነው፤ በአንድ ጎን። ከ50 ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ዝገዋል። ለክንድ አታስቡት። እኔ የማምነው ከኋላ ቶርሽን ባሩ፣ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ፣ ውስጡ የሚያልፍበትን ወፍራም ቱቦ ነው። እሱ መኪናዋን በመንገድ ሁሉ የተሸከመ ብረት ነው። ከፊት ደግሞ የፊት አክስሉ ሁለቱ ቱቦዎች ከወለሉ ራስ ጋር የሚታሰሩበት ቦታ። የሊፍታችሁ ክንድ እዚያ ካልደረሰ፣ እሺ፣ አልደረሰም። ሌላ ሊፍት ፈልጉ እንጂ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ኮሮላ ዲኤክስ ሌላ ነገር ናት። ለብቻው የሚቆም ሻሲ፣ ከስር የሚሸከም የብረት አጽም፣ የላትም፤ አካሏ ራሱ ነው ሸክሙን የሚይዘው። ከበሮቹ ስር የሚሄደው ጠርዝ ላይ፣ ከጎማዎቹ አጠገብ፣ የተጠናከረ ቦታ አለ። ችግሩ ያ ጠርዝ ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ ይገባና አይወጣም። ከውጭ ባትላሜራው አሳምሮት፣ ከውስጥ ግን አመድ ሆኖ አይቻለሁ። ላዳም እንዲሁ። ላዳ ከጎኗ የክሪክ ማስገቢያ አላት፤ ታክሲ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ስንት ላዳ ነው ያ ማስገቢያ ተገንጥሎ የቀረላት!

ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ሻሲ አላቸው፤ ቀለል ይላል ትላላችሁ። በእውነትም ይቀላል። ግን የድሮው ላንድሮቨር አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም። ሻሲው ግን ብረት ነው፣ ይዝጋል። ላዩን አይታችሁ እንዳትፈርዱ። ላንድክሩዘር ላይ ደግሞ ክብደት አለ። ባዶውን እንኳ 2 ቶን ሊያልፍ ይችላል። ፖርቶ መጋላ አለው፣ ላዩ ላይ ዕቃ አለ፣ ትርፍ ጎማ አለ፣ ውስጡ የመለዋወጫ ሳጥን አለ። እና እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ላስቆጥራችሁ። 4 ቶን የሚል ሊፍት አራት ክንድ አለው። እያንዳንዱ ክንድ ስንት ይችላል? ማን ይመልስልኛል? ... ልክ ነህ ልጄ፣ 1 ቶን። የአራቱ ድምር ነው 4 የሚሆነው። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያጋደለ መኪና ብታወጡ፣ ጠቅላላው ከ4 ቶን በታች ሆኖ ሳለ የፊቶቹ ክንዶች ከአቅማቸው በላይ ሊሸከሙ ይችላሉ። ስለዚህ ዕቃ አራግፉ። ፖርቶ መጋላው ላይ ያለውን አውርዱ።

ከመረመራችሁ በኋላ ወለሏ ካላስተማመናችሁስ? በክንድ አታንሷት። አበቃ። ባለ አራት ምሰሶ ሊፍት አለ፤ መኪናዋ በጎማዋ ላይ እንደቆመች ነው የሚያወጣት። አሮጌ መኪና በጎማዋ መቆም ታውቃለች፤ ዕድሜ ልኳን ያደረገችው ነው። እኔ ምርጫ ካለኝ አሮጌ መኪናን ሁልጊዜ በዚያ ነው የማወጣት። ጎማ መፍታት ካስፈለገኝ ብቻ ነው ወደ ክንድ የምሄደው። እሱ ከሌለ ጉድጓድ አለ። ጉድጓድን አትናቁ። አባቶቻችን በእሱ ነው የሠሩት። አንድ ነገር ብቻ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ እዚያ ሲጋራ የለም፣ እሳት የለም፣ ገመዱ የተላጠ አምፖል የለም። ሥራ ሲያልቅም ክደኑት፤ ሰው ይገባበታል።

ባለቤቶች፣ እናንተንም ልለምናችሁ። እባካችሁ እውነቱን ንገሩን። መኪናችሁ ተበይዳ ከሆነ የት እንደተበየደች ንገሩን። ተገልብጣ ታውቅ ከሆነ ንገሩን። «ዋጋ ይጨምርብኛል» ወይም «መኪናዬን ይንቅብኛል» ብላችሁ አትደብቁ። እናንተ ዝም ብትሉ ከስሯ የሚቆመው የሰው ልጅ ነው።

ሁለተኛው።

ጋራዥ ያላችሁ መጀመሪያ ወደ መሬት እዩ። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት የሚቆመው በብሎን ነው፤ ብሎኑ ደግሞ የሚይዘው ኮንክሪቱን ነው። ኮንክሪቱ ምን ያህል ነው? አምራቹ ውፍረቱን ይጽፋል። ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ ወለል ላይ ሊፍት ሲተከል ካያችሁ እዚያ አትሥሩ። ብዙዎቻችን የምንሠራው በኪራይ ቦታ ነው፤ አውቃለሁ። ነገ ልቀቁ ልትባሉ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ወለል ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ያስጠላል። ይገባኛል። እኔም ተከራይ ነበርኩ። ግን ስስ ወለል ላይ ሊፍት ከማቆም ጉድጓድ መቆፈር ይሻላል። ብሎኖቹንም በየጊዜው አጥብቁ። የሊፍቱን ገመድ እዩ፤ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ይቀየር። የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ እንዲመረመር ያዛል። እኛ ዘንድ ማንም መጥቶ ባይጠይቃችሁ ራሳችሁ ቀን ቁረጡለት። ለምሳሌ በየዓመቱ መስከረም ላይ።

አሁን ማንሳት። መኪናዋ በምሰሶዎቹ መካከል ስትገባ ክብደቷ መሃል መዋል አለበት። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። ከመቶ 60 ያህሉ ክብደቷ የኋላ ጎማዋ ላይ ነው ያለው። ኮሮላን በለመዳችሁበት ልክ ካስገባችኋት ወደ ኋላ ትጎትታችኋለች። አስቡበት።

ክንዶቹን አስቀምጡ። ጫፋቸው ላይ ያለው ጎማ ተበልቶ ብረቱ ከታየ ቀይሩት። ለማርዘም ብላችሁ እንጨት አትደራርቡ። ለዚህ የተሠራ ማርዘሚያ አለ፤ በእሱ ተጠቀሙ። በሮቹ ይዘጉ። ውስጥ ሰው የለም። «ትንሽ ልጄ ውስጥ ተኝቷል፣ አይቀሰቀስ» ያለኝ ደንበኛ ነበር። አንቃው አልኩት።

ከዚያ ቁልፉን ትጫናላችሁ። ጎማዎቹ ከመሬት ሲላቀቁ፣ 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ አቁሙ። አቁሙ! ይሄ ነው ያቺን ቀይ ቮልስ ያተረፈልን ከፍታ። አራቱንም ክንዶች ዙራችሁ እዩ። አንዱ ተንሸራትቷል? ብረቱ ጎብጧል? ከዚያ ማዕዘኗን ይዛችሁ ነቅንቋት። በርታ ብላችሁ። የምትወድቅ ከሆነ እዚህ ትውደቅ። ድምፅ ከሰማችሁ፣ ጥርጣሬም ከገባችሁ፣ አውርዷትና እንደገና ጀምሩ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አውርጄ አውቃለሁ። ማንም ሰው ለዚያ አይስቅባችሁም። የሚስቅ ካለ ከእሱ ጋር አትሥሩ።

ስትወጣ የመቆለፊያው ጥርስ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጆሯችሁ እሱ ላይ ይሁን። ከሁለቱም ምሰሶ መስማት አለባችሁ። የምትፈልጉት ከፍታ ስትደርስ ሥራ አትጀምሩ። መጀመሪያ ትንሽ መልሳችሁ አውርዱ፤ ሁለቱም ጥርሶች ላይ እስክታርፍ። መኪናዋ ወደ ላይ በሚገፋት የሊፍቱ ዘይት ላይ ሳይሆን በብረት ላይ ትቀመጥ። ይሄን የማያደርግ ጋራዥ ስንት እንዳለ ብነግራችሁ አታምኑኝም። «ዘይቱ ይይዛታል» ይላሉ። ዘይቱ የሚይዘው እንዳያፈስ የሚያግደው ጎሚኒ ደህና እስከሆነ ድረስ ነው። ጎሚኒ ደግሞ ያረጃል።

አንድ ቀን መኪና ሊፍቱ ላይ ሆና መብራት ጠፋ። ይሄ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። አዲስ የመጣ ልጅ ነበረን፤ ጎበዝ፣ ፈጣን። ደንበኛው ቸኩሏል። ልጁ በእጅ የሚለቀቀውን ማውረጃ ሊነካ ሄደ። አንዱን ምሰሶ ብቻ! ያን ጊዜ ደርሼ እጁን ያዝኩት። መኪናዋ ጥርስ ላይ ተቀምጣለች። መብራት ቢጠፋ፣ ለሊቱን ሙሉ ቢጠፋ፣ እዚያው ትቆያለች። ምን አስቸኮለን? ለደንበኛው ሻይ አዘዝንለት። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ልጁ ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው። ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚያነሳብኝ ያንን ሻይ ነው።

ሊፍት የሌላችሁ አላችሁ። እናንተንም አልረሳሁም። በክሪክ የምትሠሩ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ... ከግማሽ በላይ ናችሁ።

እንግዲህ ይህንን በቀስታ ነው የምናገረው። አብሮኝ ብሎን ያጠበ ጓደኛ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ እዚሁ ከተማ ነው። የራሱን ትንሽ ቦታ ከፍቶ ነበር፣ ከግቢው በር ላይ። አንድ ቀን ካምቢዮ ሊያወርድ መኪናዋን በክሪክ አነሳ። ከስር ብሎኬት ደረደረ። ብሎኬት ታውቃላችሁ፤ ቤት የምንሠራበት፣ መሃሉ ክፍት የሆነው። ግድግዳ ውስጥ ሲሆን ጠንካራ ነው። ለብቻው ሆኖ፣ በትንሽ ብረት ጫፍ ሲጫኑት ግን ቀስ ብሎ አይሰበርም። አስቀድሞ አይነግርም። በአንድ ጊዜ ነው ወደ ዱቄት የሚለወጠው። ጓደኛዬ የጠበቀ ብሎን ሊፈታ በኃይል ጎተተ። መኪናዋ ተነቃነቀች። በቃ። ሁለት ልጆች ነበሩት።

ቀብሩ ላይ የቆምኩ ጊዜ ስለ ዋጋ ነው ያሰብኩት። የአንድ ካቫሌቶ፣ መኪና የሚያርፍበት የብረት መደገፊያ ዋጋ። ከብረት በያጅ ዘንድ ሄዶ ሁለት ጠንካራ መደገፊያ ማሠራት ይችል ነበር። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። ክሪክ አነሳ፣ ካቫሌቶ ይግባ፣ መኪናዋ ካቫሌቶው ላይ ትረፍ፣ ተነቅንቃ ትሞከር፣ ከዚያ በኋላ ነው የሰው ገላ ከስር የሚገባው። ብሎኬት የለም። ድንጋይ የለም። የተፈታ ጎማ ቢኖራችሁ እሱን ተጨማሪ አድርጋችሁ ከስር አጋድሙት፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ክፍተት ያስቀርላችኋል።

ጎማ እንዳይንከባለል የሚደረገውን ታኮም አትርሱ። የእጅ ፍሬን ስቤያለሁ ብላችሁ አትመኑ። በአብዛኛው መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። የኋላውን ካነሳችሁ ምን ቀረ? የፊቶቹ ነጻ ናቸው። ታኮው ፊት ጎማ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም።

የላንድሮቨሩ ጌታ፣ ይሄ ለእርስዎ ነው። የድሮው ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማ ላይ አይደለም። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት ስታነሱት ኃይልን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ያንን ጎማ ወደ ኋላ ያዞረዋል፣ መሬት ላይ ያለው ደግሞ ወደ ፊት ይሄዳል። ፍሬኑ ዘንጉን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ሳለ መኪናው ይንከባለላል! እኔ ይህንን ያወቅኩት ጣርማ በር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና እየወረድን ጎማ ተነፈሰ። ጉም ነበር፤ አሥር እርምጃ አያሳይም። ሹፌሩ የእጅ ፍሬን ሳበ። ክሪክ አስገባን። ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ መኪናው ዝም ብሎ መሄድ ጀመረ። ክሪኩ ወደቀ። ጥቂት ሜትር ሄዶ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ያዘው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገደል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኛ ከጎኑ እንጂ ከፊቱ አልነበርንም። ታኮ፣ ታኮ፣ ታኮ!

ሦስተኛው አጭር ነው።

መኪናዋ ላይ ናት። ጥርስ ላይ ተቀምጣለች። አሁን ክብደቷን ልትለውጡባት ነው። ከቮልስ ላይ ሞተሩን ብታወርዱ 100 ኪሎ ያህል ከኋላዋ ጠፋ። የነዳጅ ታንኳ ደግሞ ከፊት ነው። ሙሉ ከሆነ 40 ሊትር እዚያ አለ። ቅድም ወደ ኋላ የምትጎትተው አሁን በአፍንጫዋ ልትደፋ ትችላለች። ከባድ ነገር ከማውረዳችሁ በፊት ከፊትም ከኋላም ረጅም መደገፊያ አቁሙ። እንዲህ ያለውን ሥራ በጎማዋ ቆማ መሥራት ከተቻለ ደግሞ እሱ ይሻላል።

የጠበቀ ብሎን ሲያጋጥማችሁ አትጎትቱ። ዘይት አጠጡት፣ አሳድሩት። በጣም ከተቸገራችሁ መጀመሪያ አውርዷትና መሬት ላይ ሆና አላሉት።

መነጽር አድርጉ። ከአሮጌ መኪና ስር ዝገት ይዘንባል። ዓይኔ ውስጥ የገባ ዝገት ሐኪም በመርፌ ጫፍ ነው ያወጣልኝ።

እና ብትወድቅስ? አይበለውና፣ መንሸራተት ብትጀምርስ? ልጆች፣ እዩኝ። አትያዟት። አትደግፏት። 800 ኪሎ በእጅ አይያዝም። መኪና ይጠገናል፤ ካልተጠገነም ይቅር። ሩጡ። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የምትሮጡበት መንገድ ባዶ ይሁን። ሳጥን፣ ጎማ፣ የዘይት ሳህን እዚያ አይቀመጥ።

ጥያቄ እንዳላችሁ አያለሁ፤ እጆች ተነስተዋል። ግን እዚህ አልመልስም። ውጭ ያቺ ነጭ ቮልስ አለች አይደል? ባለቤቷን ጠዋት አስፈቅጄዋለሁ። ካርቶን ይዘን እንውጣ። አንተ ካቻቢቴውን ያዝ። አንቺ ባትሪውን፣ የእጅ መብራቱን ማለቴ ነው። ዛሬ አናነሳትም። መቀመጫዋን አውጥተን በስተቀኝ በኩል ያለውን ወለል እናንኳኳለን፤ ምን እንደምትለን እንሰማለን። ኑ።